የዋሄን ገበያና የኅብረት ንድፍ

ሰው የሚኖርበት ቤት፣ የሚማርበት ክፍልና የሚገበያይበት ሥፍራ በእጅ ከመሠራቱ በፊት በሐሳብ የተሠራ ነው። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ በመስመር ሲሰፍር፣ በመሬት ላይ በገመድ ሲለካ ወይም በቃል ሲነገር ንድፍ ይባላል። ንድፍ የሚወስነው የሕንፃውን መልክ ብቻ አይደለም። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የረፋድ ፀሐይ ከየት እንደምትገባ፣ እናት ልጇን አዝላ በመተላለፊያው እንዴት እንደምታልፍ፣ አደጋ ቢደርስ ሰው በየት እንደሚያመልጥ የሚወስነውም ንድፍ ነው። ስለዚህ «ንድፉን ማን ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን በቦታው የሚገለገሉት ሰዎች ሁሉ ጉዳይ ነው።

በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የቆየና ግልጽ ነው። አቃል የተባለውን ተንቀሳቃሽ ጎጆ የሚቀልሱት ሴቶች ናቸው። እንጨቱን እንደ ቀስት አጉብጠው ይተክላሉ፤ ራሳቸው በሠሩት ሰሌን ያለብሱታል፤ ጉዞ ሲሆን ፈትተው በግመል ይጭኑታል፤ በደረሱበትም ሥፍራ መልሰው ያቆሙታል። ነዳፊዋም፣ ሠሪዋም፣ ነዋሪዋም አንዲት ሴት ናት። ጎጆው ነፋስ ቢያስገባ ስሕተቱን የምታየው እርስዋ ናት፤ በሚቀጥለው ሠፈር ስትተክለውም የምታርመው እርስዋው ናት።

በከተማ ግን እነዚህ ሦስት ሥራዎች ተለያይተዋል። አንዱ ይነድፋል፤ ሌላው ይገነባል፤ ሦስተኛው ይገለገልበታል። የነደፈው ሰው ሥራውን ካስረከበ በኋላ ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል፤ የሚገለገልበትም ሰው ነዳፊውን አይቶት አያውቅም። ይህ መለያየት የሚያስከትለውን ችግርና መፍትሔውን ለመረዳት የሐርጌሳ ከተማን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ሐርጌሳ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል አልፎ ወደ በርበራ ወደብ በሚወስደው የንግድ መሥመር ላይ ትገኛለች። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደብድቦ አብዛኛውን ክፍሏን አፈራረሳት። በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ በመሰደድ በሐርተሼክና በሌሎች ጣቢያዎች ተጠለሉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስደተኞቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር። ከተማዋን እንደገና ያቆሟት በአመዛኙ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው በሚልኩላቸው ገንዘብ እየተረዱ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቤት፣ እያንዳንዱም ነጋዴ የራሱን ሱቅ ሠራ።

በከተማዋ መካከል የሚገኘው የዋሄን ገበያ ለዚህ ትጋት ዋነኛ ምስክር ነበር። ልብስ፣ እህልና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች፣ መደቦችና ጉልቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙበት ሰፊ ገበያ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ መደብ ላይ ነዳፊ ነው። ሸራውን ወደ ፀሐይ መግቢያ ያጋድላል፤ ቶሎ የሚሸጠውን ዕቃ ከፊት፣ የሚዘገየውን ከኋላ ያደርጋል፤ ገዥው ጎንበስ ሳይል እንዲያይ ከፍ፣ እጁን ሰድዶ እንዲዳስስ ቀረብ አድርጎ ይደረድራል። ጠባብ መተላለፊያም ለገበያተኛው የራሱ ጥቅም አለው። የሁለቱ ወገን ሸራ ተጋጥሞ ጥላ ይሆናል፤ ገዥው በግራና በቀኝ ያለውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሻጭም ከጎረቤቱ ጋር እየተጨዋወተ የጎረቤቱን ዕቃ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በብዙ ዓመት ልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው።

ሆኖም በዚህ ሁሉ ነዳፊ መካከል ነዳፊ ያልነበረው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም መንገዱ ነው። እያንዳንዱ ሰው መደቡን አንድ ክንድ ወደ ፊት ሲያስጠጋ ከሌሎች የተለየ ጥፋት አልፈጸመም። ነገር ግን የሁሉም አንድ አንድ ክንድ ሲደመር ለተሽከርካሪ የሚሆን መንገድ ጠፋ።

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022)፣ የረመዳን ጾም በሚገባበት ዋዜማ ምሽት፣ በዋሄን ገበያ እሳት ተነሣ። እሳቱ ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው እየዘለለ ሌሊቱን ሙሉ ነደደ። የእሳት አደጋ መኪናዎች ደረሱ፤ ዳሩ ግን መተላለፊያው ጠባብና በመደብ የተያዘ ስለ ነበረ ወደ መካከል ዘልቆ ለመግባት እጅግ አስቸገራቸው። በማግስቱ ሁለት ሺሕ ያህል ሱቆችና መደቦች ዐመድ ሆነው ተገኙ። 28 ያህል ሰዎች ቆሰሉ። የከተማዋ የንግድ ኃላፊዎች ጉዳቱን ከአንድ ቢሊዮን ተኩል እስከ ሁለት ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገመቱት። ከስደት መልስ ከባዶ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች፣ ከእነርሱም መካከል በአነስተኛ ንግድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች፣ ጥሪታቸውን በአንድ ሌሊት አጡ።

ይህ ዐይነት አደጋ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ በደረሰ ጊዜም የመተላለፊያው መጣበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶት ነበር።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው ተጠቃሚው ምንም አያውቅምና ንድፉ ለባለሙያ ብቻ ይተው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ይህም ሐሳብ በሥራ ተፈትኖ ችግሩ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1945 የግብፅ መንግሥት በሉክሶር አጠገብ በጥንታዊ መቃብሮች ላይ የሠፈሩትን የጉርና ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ፈለገ። አዲሱን መንደር እንዲነድፉ የተመረጡት ስመ ጥሩው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ ነበሩ። ሐሰን ፋቲ ድኻውን የሚያስቡ ሰው ስለ ነበሩ በአገሩ ጭቃ ጡብ፣ በአገሩ ግንበኞች እጅ፣ ጉልላትና ቅስት ያላቸው ያማሩና ቀዝቃዛ ቤቶችን አሠሩ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ነዋሪዎች ለመዛወር እምቢ አሉ። የእንጀራቸው ምንጭ ጥንታዊውን ቅርስ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ስለ ነበረ ከዚያ መራቅ ኑሮን መልቀቅ ሆነባቸው። መንደሩ ሳይጠናቀቅ ሥራው ተቋረጠ። ቤቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን «ለመዛወር ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ለነዋሪዎቹ አልቀረበም ነበር።

እንግዲህ ዋሄንና ጉርና ሁለት ተቃራኒ ጉድለቶችን ያሳያሉ። በዋሄን ክፍሉን የሚያውቁ ብዙዎች ሲሆኑ ጠቅላላውን የሚመለከት አልነበረም። በጉርና ጠቅላላውን የሚያይ ባለሙያ ሲኖር የነዋሪው ኑሮ ከንድፉ ውጭ ቀረ። የኅብረት ንድፍ የሚባለው አሠራር ሁለቱን ዕውቀቶች ከአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያመጣ ነው።

የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ከቡርኪና ፋሶ ይገኛል። ፍራንሲስ ኬሬ በበርሊን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳሉ በተወለዱበት በጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ለመሥራት ተነሡ። ትምህርት ቤቱን በጭቃ ጡብ ለመሥራት ማሰባቸውን ሲናገሩ የመንደሩ ሰዎች ጭቃ የክረምቱን ዝናብ እንደማይችል በልምድ ያውቁ ነበርና ተጠራጠሩ። ባለሙያው ጥርጣሬውን አልናቁም። ከጡቡ ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ጨመሩ፤ ግድግዳውንም ከዝናብ የሚጠብቅ፣ ሙቀትም የሚያስወጣ፣ ከፍ ብሎ የቆመ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ነደፉ። ልጆች ድንጋይ አመላለሱ፤ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ወለሉን ደልድለው ጠቀጠቁ። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ፍራንሲስ ኬሬ በዓለም ታላቅ የሆነውን የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በማርች ወር 2022፣ ዋሄን ከመቃጠሉ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው።

የኅብረት ንድፍ በስብሰባ ተጀምሮ በስብሰባ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የሚከተሉት ዋና ዋና ደረጃዎች አሉት።

ሀ. ማስተዋል፦ ሰዎች ከሚናገሩት ይልቅ የሚያደርጉት ብዙ ያስተምራል። ዊልያም ዋይት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒው ዮርክን አደባባዮች በፊልም እያነሡ አጠኑ። ሰዎች በብዛት የሚሰበሰቡት ሕንፃው በሚያምርበት ሳይሆን መቀመጫ ባለበት ቦታ መሆኑን አረጋገጡ።

ለ. አብሮ መጓዝ፦ ነዳፊው ከተሸካሚው ጋር ጭነቱ ከሚወርድበት እስከ ሱቁ፣ ከገዥዋም ጋር ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ጉልቱ ይሄዳል። የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚጋፉ ይመዘግባል።

ሐ. በእውነተኛ ልክ መሞከር፦ በወረቀት ላይ ያለ መስመር ለብዙ ሰው አይናገርም። በመሬት ላይ በኖራ የተሰመረ መደብ ግን ለሁሉም ይናገራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የስካንዲኔቪያ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ገና ያልተሠሩ የሥራ መሣሪያዎችን በካርቶንና በእንጨት አስመስለው እየሠሩ አብረው ፈትነዋል።

መ. ተመልሶ መጠየቅ፦ ቦታው ሥራ ከጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ነዳፊው ተመልሶ ምን እንደ ሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ይመረምራል። የአቃሏ ባለቤት በየሠፈሩ የምታደርገው ይህንኑ ነው።

በእርግጥ በኅብረት መንደፍ ጠብን አያስቀርም። የእሳት አደጋ መኪና ስፋት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለት ሜትር የነበረ መተላለፊያ ወደ አምስት ሜትር ይስፋ ቢባል በግራና በቀኝ ያሉት መደቦች እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል መልቀቅ አለባቸው። የመደቡ ጥልቀት ሁለት ሜትር ከሆነ ለባለቤቱ የሚቀረው ግማሽ ሜትር ነው። ማን ይልቀቅ? የሚለቀውስ ምን ይካሳል? በስብሰባ ላይ ድምፁ የሚሰማው ባለ ትልቁ ሱቅ ነው፤ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ግን ገበያዋን ትታ ለስብሰባ መምጣት አትችልም። በመሆኑም አሠራሩ እውነተኛ የሚሆነው ባለሙያው እርስዋ ወዳለችበት ሲሄድ፣ መሬት ላይ ለሚሸጡትም ቦታ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ሲመደብ ነው። አለበለዚያ የእነርሱ ጉልት ተመልሶ መንገዱን ይይዘዋል፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው ይጠብባል።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያከናውን ሰው በትምህርት ይዘጋጃል። በኢትዮጵያ የዚህ ትምህርት መነሻ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በሕዝቡ ዘንድ «ሕንፃ ኮሌጅ» በሚል ስም የታወቀው ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብ የወጪውን ድርሻ እያዋጣ የሥራው ተካፋይ ሆኗል። በንድፍ ትምህርት ቤት ተማሪው መስመር መሳል፣ ምስለ ሕንፃ መሥራትና ሥራውን በመምህራን ፊት አቅርቦ መከላከል ይማራል። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚመዝኑት መምህራን ብቻ ከሆኑ ተማሪው የሚማረው መምህሩን ማስደሰት ይሆናል። ስለዚህ በጊዜያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ሠፈርና ወደ ገበያ ያወጣሉ፤ ንድፉም በሚገለገልበት ሰው ፊት እንዲመዘን ያደርጋሉ። የእጅ ጥበብ ሲደመር የማዳመጥ ልማድ ባለሙያውን ሙሉ ያደርገዋል።

ገበያ የሚቃጠለው በአንድ ሌሊት ነው፤ የሚሠራው ግን በብዙ ዓመትና በብዙ እጅ ነው። መደቡን የምታውቀው ሻጭ፣ መንገዱን የሚያስበው መሐንዲስ፣ ሸክሙን የሚያውቀው ተሸካሚና እሳቱን የሚጋፈጠው ሠራተኛ ኖራው ከመሰመሩ በፊት ከተመካከሩ፣ መንገዱም እንደ መደቡ ባለቤት ያገኛል።

የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. የአቃል አሠራር ከከተማ ሕንፃ አሠራር በምን ይለያል?
2. በዋሄን ገበያ «ነዳፊ ያልነበረው» የተባለው ምንድን ነው? እንዴትስ ጠፋ?
3. የዋሄንንና የጉርናን ጉድለቶች አነጻጽሩ።
4. መሬት ላይ ዘርግተው ለሚሸጡ ሰዎች በፕላኑ ቦታ ካልተመደበ ምን ይከተላል? ለምን?
5. በአካባቢያችሁ የሚገኝን አንድ ገበያ ወይም የትምህርት ቤታችሁን ግቢ ለአንድ ሰዓት አስተውላችሁ፣ ሰዎች የት እንደሚቆሙና የት እንደሚጋፉ በአንድ ገጽ ድርሰት ግለጹ።