የቆመ ባቡር

ዛሬ ስለ ባቡር እንነጋገራለን። ስለሚሄደው አይደለም፤ ስለ ቆመው ነው።

ሰበታ ያላችሁ አዲሱን ባቡር ታውቁታላችሁ። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው ሐዲድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ግን ሐዲድ በደጃችሁ አያልፍም። እናንተ ከባቡር የቀረላችሁ አንድ ቃል ነው፤ አዲስ አበባ ስትገቡ የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል። ሕዝቡ ሰምቶ «ለገሃር» አለው።

የአሮጌው ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ወደ 20 ዓመት ፈጀ! በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱ ቆመ።

«ታዲያ አሮጌዎቹን ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን አይነዷቸውም?» ትሉ ይሆናል። አይቻልም። በአሮጌው መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የአሮጌው ፉርጎ እግር አይደርስም። ስለዚህ ወይ በቆመበት ይጠበቃል፣ ወይ ዝጎ ያልቃል፣ ወይ ለቁራሌው ይሸጣል።

ንጉሠ ነገሥቱ ይጓዙባቸው የነበሩት ፉርጎዎች ለብዙ ዓመታት በለገሃር ተጠልለው ቆይተዋል። ጥሩ ነው። ግን በሦስተኛ ማዕረግ የተጓዘው ሕዝብ የተቀመጠባቸው ፉርጎዎችስ? ብዙዎቹ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ኖሩ። እናቴ በልጅነቷ ከአዋሽ በሦስተኛ ማዕረግ መጥታለች። እስከ ዛሬ የምታነሣው የእንጨቱን ወንበርና በመስኮት የገዙላትን ብርቱካን ነው። እኔ እንደሆንኩ የእናቴም ፉርጎ ጣራ ይገባዋል እላለሁ።

በዚህ ነገር አሜሪካኖች ቀድመውናል። እነሱ የሰርከስ ባቡር እንኳ ጠብቀዋል። ሰርከስ ማለት የሚገለባበጡ፣ በገመድ ላይ የሚሄዱ፣ እንስሳ የሚያሠለጥኑ ሰዎች የሚያሳዩት ትርኢት ነው። በ1864 ዓ.ም. ባርነም የሚባል ሰው ሰርከሱን በሙሉ በባቡር ጫነ። ዝሆኑም፣ ድንኳኑም፣ ጋሪውም ተሳፈረ። አጫጫኑ ብልሃት ነበረው። የጋሪዎቹ ፉርጎ ግድግዳም ጣራም የለው፤ ጠፍጣፋ ነው። በፉርጎና በፉርጎ መካከል እንደ ድልድይ መሸጋገሪያ ይዘረጋል። ጋሪው በመጨረሻው ፉርጎ በኩል ይወጣና በፈረስ እየተሳበ እስከ ፊተኛው ይሄዳል። ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት በሌላ ከተማ ድንኳን ይተክላሉ።

የመጨረሻው ትልቅ የሰርከስ ባቡር የሪንግሊንግ ነበር፤ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ቆመ። የእኛ የሰበታው በተመረቀበት ዓመት ማለት ነው። የሪንግሊንግ ወንድማማቾች ሥራ በጀመሩባት ባራቡ በምትባል ከተማ ግን ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የሰርከስ ሙዚየም አለ። ጋሪዎቹና ፉርጎዎቹ እዚያ ይጠበቃሉ። የንጉሥ ዕቃ አይደሉም፤ የአክሮባት ሠሪና የፈረስ ጠባቂ ናቸው።

ፉርጎ እንዴት ይጠበቃል? ከሁሉ በፊት ጣራ ያስፈልጋል። የባቡር ገላ ብረትና እንጨት ነው፤ ብረቱን ዝገት፣ እንጨቱን ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። ከዚያ ዝገቱ ይፋቃል፣ ቀለም ይቀባል። እዚህ ላይ ግን ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ቀለም ቀቢው ለማሳመር ብሎ በፉርጎው ጎን ያለውን ጽሑፍ ይሸፍነዋል። ያ ቁጥር የፉርጎው መታወቂያ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ የየትኛው ማዕረግ እንደሆነ፣ ምን ይጭን እንደነበረ በመዝገብ መፈለግ ያስቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይነበባል፣ በወረቀት ይገለበጣል፣ ቀጥሎ ይቀባል።

አሁን እናንተ ቁጥር ታነባላችሁ። አሮጌ ፉርጎ ቢያጋጥማችሁ በጎኑ ያለውን ቁጥር በደብተራችሁ ላይ ጻፉት። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ በዚያ ባቡር የተሳፈሩ አዛውንት ካሉም ጠይቋቸው፤ ከየት ተሳፈሩ? ስንት ከፈሉ? በመስኮት ምን ገዙ? ያሉትን በዚያው ገጽ ላይ፣ ከቁጥሩ ሥር ጻፉት።