ዳቦ በኪሳችን ልክ

በወር መጨረሻ የሠልጣኝ ቁርስ ምን እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ሻይና ዳቦ ነው። ችግሩ የዳቦው ዋጋ ሲወጣ ክብደቱ መውረዱ ነው። ምክንያቱም ቅርብ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የዓለም የስንዴ ዋጋ ናረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወደደ። ዱቄቱ፣ ማገዶውና መጓጓዣው ተደምረው ዳቦዋ ላይ ያርፋሉ። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በዚህ ጽሑፍ ዳቦን በራሳችን እጅ፣ በትንሽ ገንዘብ እንዴት መጋገር እንደሚቻል እናብራራለን።

፩. መጀመሪያ ሂሳቡ

ዳቦ በፍሬ አይለካም፤ በኪሎ ነው የሚለካው። አንድ ኪሎ ዱቄት 650 ግራም ያህል ውሃ ይጠጣል። ሲጋገር የተወሰነው ውሃ በእንፋሎት ይወጣና ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ዳቦ ይቀራል። ይህም እያንዳንዱ 70 ግራም የሚመዝን 20 ዳቦ ማለት ነው። እንግዲህ የዱቄቱን፣ የጨውንና የማገዶውን ወጪ ደምሩና ለ1.4 አካፍሉት፤ የአንድ ኪሎ ዳቦ ዋጋ ይወጣላችኋል። ከዚያ ከሱቅ የሚገዙትን 10 ዳቦዎች መዝናችሁ አወዳድሩ። የትኛው እንደሚያዋጣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

፪. ስንዴ ብቻ ለምን?

የአካባቢያችን ደጋ የገብስ አገር ነው። ገብስ የእህል ንጉሥ የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን ገብስ ብቻውን ቂጣ እንጂ ለስላሳ ዳቦ አይሆንም። የስንዴ ዱቄት ሲቦካ ግሉተን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ይፈጥራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ ዳቦውን የሚነፋው እሱ ነው። በገብስ ውስጥ ይህ ጉልበት ደካማ ነው። ስለሆነም ከ4 እጅ 3ቱን ስንዴ፣ 1ዱን ገብስ ብናደርግ ዳቦው ይነፋል፣ ይጣፍጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ገብሱ በገበያችን ከስንዴው ከረከሰ ደግሞ ትርፉ የኛ ነው። ዱቄቱን አብዝቶ መንፋትም አያስፈልግም፤ ጉርዱ የሚያጠግብ ምግብ ነው።

፫. እርሾን ማን ይገዛል?

የፋብሪካ እርሾ ከሌለ ዳቦ የለም የሚሉ አሉ። እናቶቻችን ግን ከቡኮው ጭብጥ የምታክል አስቀርተው ለሚቀጥለው ሲያቆዩ ኖረዋል። በዚያች ጭብጥ ውስጥ አየር የሚሰጡ እርሾዎችና የሚያኮመጥጡ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ኩምጣጤው ሌላም ጥቅም አለው፤ በጉርዱ ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ስለሚቀንሰው ሰውነታችን ከዳቦው የበለጠ ይጠቀማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) ማታ ጭብጧን በ650 ግራም ለብ ባለ ውሃ መበጥበጥ፤
ለ) 750 ግራም የስንዴና 250 ግራም የገብስ ዱቄት፣ ከሾርባ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ጨው ጨምሮ ማቡካት፤
ሐ) ከድኖ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከምድጃው አጠገብ ማሳደር፤
መ) ጠዋት ከመጋገሩ በፊት ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጭብጥ ማስቀረት። ይቺን አትርሱ!

፬. የደጋው ጠባይ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ነች። በዚህ ከፍታ ሁለት ነገር ይገጥመናል። አንደኛ፣ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው ቡኮው ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ቡኮው መነሳት ከጀመረ በኋላ ቶሎ ይነፋል፤ ከመጠን በላይ ከቆየ ደግሞ ይወድቃል። በመሆኑም ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። ቡኮውን እዩት፤ በግማሽ ያህል ጨምሮ ፊኛ ፊኛ ካወጣ ደርሷል። ውሃም እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የዳቦው መሃል ከዚያ አይሞቅም። ስለዚህ ረጋ ባለ እሳት፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ መጋገር ነው።

፭. ትልቁ ወጪ እሳት ነው

በደጋው እንጨት ውድ ነው፤ ኩበት ብናነድም ከገበሬው ማሳ የሚወጣ ማዳበሪያ ነው። ምጣዱን ለማጋል ግን ለአንድ ኪሎ ቡኮም ሆነ ለአራት ኪሎ የሚነደው ያው ነው። ለብቻ ከመጋገር አራት አምስት ሆኖ መጋገር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ምጣዱ እንደጋለ ዳቦውን ማስከተልም ጥሩ ዘዴ ነው። ኮባ ከተገኘ ከሥር ማንጠፍ፣ ካልተገኘ ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ ይበቃል። በአክንባሎ ከድኖ፣ ሥሩ ሲበስል መገልበጥ ነው። ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ዕቃ ከጮኸ በስሏል።

፮. እህሉን ሳንለቅም አናስፈጭ

ይህን በመጨረሻ ያመጣነው ስለሚያንስ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ግድም እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ሲናር ኧርጎት የሚባል የሻጋታ በሽታ ይዞት ኖሮ፣ የበሉት ሰዎች እጅና እግራቸው ደም አጥቶ በድን ሆነ፤ የሞቱም አሉ። በ1993 ዓ.ም. በአርሲ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ኧርጎት ከእህሉ ፍሬ ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ነው። መጋገር መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ርካሽ ነው ተብሎ ያልተለቀመ እህል ማስፈጨት ቁጠባ አይባልም። በሰፌድ አበጥሮ፣ በእጅ ለቅሞ፣ ጥቁሩን አውጥቶ መጣል የግድ ነው።

ውድ ሠልጣኞች፣ ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ዳቦ ቤት ላናገኝ እንችላለን። ገብስና ምጣድ ግን አናጣም። ደግሞም በአንዲት ዳቦ ውስጥ ክፍልፋይ አለ፣ ሳይንስ አለ፣ ጤና አለ፤ ይህ ሁሉ ለክፍል ትምህርት የሚሆን ነው። መምህራኖቻችንም በተግባር ትምህርት ሰዓት ቢያሳዩን እንወዳለን። ለጊዜው ግን ከየማደሪያው አራት አራት ሆናችሁ አንድ ኪሎ ሞክሩ፤ ሂሳባችሁንም ከዚህ ሰሌዳ ሥር ለጥፉልን፤ እናስተያየዋለን።