ተጨማሪ መረጃ፦ ተሰኪው የብርሃን ሞጁል

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጂፖን በተባለው የፋይበር ኢንተርኔት መረብ የተለመደ አሠራር ግን ከማዕከሉ መሣሪያ፣ ከኦኤልቲ፣ እስከ ደንበኛው ቤት የሚሄደው ፋይበር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ለሐይቅም ሆነ ከዚያ ወዲያ ላለው አምባሰል ኦኤልቲውን ደሴ ከማስቀመጥ ወደ ነዋሪው ማቅረብ ይሻላል።

በኦኤልቲው ላይ የሚሰካው ጣት የሚያክል ሞጁል የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርሃን ይለውጣል። ወደ ደንበኛው በ1490፣ ከደንበኛው በ1310 ናኖ ሜትር ስለሚሠራ አንድ የፋይበር ክር ለሁለቱም አቅጣጫ ይበቃል። «ቢ ፕላስ» የተባለው ዓይነት እስከ 28 ዴሲቤል ብክነት ይችላል። ብርሃኑን ለ32 የሚያካፍለው ስፕሊተር ብቻውን 17 ያህሉን ይወስዳል፤ 20 ኪሎ ሜትር ፋይበር ደግሞ 7 ገደማ። ለማገናኛና ለብየዳ የሚተርፈው ጥቂት ነውና አንድ የቆሸሸ ማገናኛ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎበዝ ባለሙያ ሞጁሉ እስኪሞት አይጠብቅም። ሞጁሉ ሙቀቱን፣ የሌዘሩን ከረንትና የብርሃኑን ኃይል ራሱ እየለካ ያሳያል፤ ኃይሉ ሳይጨምር ከረንቱ ከወር ወር ካደገ ሌዘሩ እያረጀ ነው። መተካት ሲያስፈልግ ኦኤልቲውን ማጥፋት አያሻም።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። የፋይበር ጫፍ ውስጥ ፈጽሞ አትመልከቱ።