የሚናድ ዳርቻና የጠጠር ላይ እንቁላል

የወንዝ ዳርቻ ጎርፉ እየጋለበ ሳለ የሚናድ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚደረመሰው ሙላቱ ጋብ ካለ በኋላ ነው። ጎርፉ በመጀመሪያ የዳርቻውን እግር ይቦረቡራል፤ አፈሩም ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ወንዙ ሲጎድል ከጎን ደግፎት የነበረው ውኃ ይሸሻል፤ እርጥቡ ገደል በራሱ ክብደት ይሰነጠቅና ይወርዳል። ከወግዲና ከመካነ ሰላም ደጋ እንዲህ የሚናደው አፈር በየጅረቱ አድርጎ ዓባይ ይገባል።

ገበሬው ያጣው መሬት በዓይን ይታያል፤ ዓሣው ያጣው ግን ከውኃ በታች ነው። ነገሩ በደንብ የተጠናው በጣና ገባሮች፣ በተለይም በጉማራ ወንዝ ነው። በጣና ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ ሽቅብ ወጥተው፣ ጥልቀት በሌለው ፈሳሽ ውኃ፣ ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ኦክስጅን የሚያገኘው በጠጠሮቹ መካከል ንጹሕ ውኃ ሲያልፍ ነው፤ ደለል ያንን ክፍተት ከደፈነው እዚያው ታፍኖ ይሞታል። እንዲህ በአንድ ሐይቅ የተሰባሰቡ ተዛማጅ ዝርያዎች በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የጣናውን ማጣት ምትክ የሌለው ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናዎቹን ከታችኛው ዓባይ ይለያቸዋል እንጂ በወግዲ ግርጌ በሚያልፈው ዓባይም ዘመዶቻቸው አሉ።

ከተሞቻችን ወንዝ ሲንድባቸው ቶሎ የሚያስቡት የድንጋይ ግንብ ነው። ድልድይ አጠገብ ግንብ ግድ ነው፤ ዳርቻውን ሁሉ በግንብ ማጠር ግን፣ በእኔ እምነት፣ ወንዙን ቦይ ማድረግ ነው። ግንብ ጥላ የለውም፤ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበት ሥር፣ ዓሣ የሚለቅማቸው ነፍሳት የሚወድቁበት ቅርንጫፍም የለውም።

የተሻለው መንገድ ቀጥ ያለውን ገደል አስተኝቶ ተዳፋት በማድረግ ይጀምራል። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታጨቀ ድንጋይ) ወይም ድንጋይ ብቻውን ውኃው በኃይል በሚመታው እግር ላይ ብቻ ይደረጋል። ከዚያ በላይ አኻያ ይተከላል፤ ችግኝ ማፍላት እንኳ አያስፈልገውም፣ እርጥብ ቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥበት ባለው አፈር ሲሰካ ሥር ይሰዳል። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ዘልቆ የሚወርደው የቬቲቨር ሣር ተዳፋቱን ሰቅዞ ይይዛል፤ ከላይ ሾላና ዋንዛ ይከተላሉ። ባሕር ዛፍ እዚህ ቦታ የለውም፤ ከሥሩ ያለውን መሬት ራቁቱን ያስቀረዋል።

ከብት እንደልቡ ከወረደበት ግን ተከላው አንድ በጋ አይሻገርም። ስለዚህ በድንጋይ የተነጠፈ አንድ የውኃ መጠጫ መውረጃ ይተውለትና ሌላው ዳርቻ ይከለል፤ ሣሩም እየታጨደ ለከብቱ ቤት ድረስ ይወሰድለት።