ለራስ ሲቆርሱ፦ በዊኪፒዲያ ላይ የጥቅም ግጭትና የቅጂ መብት ሙግት

በ2015 አጋማሽ ላይ በብሪታንያ ያሉ በርካታ አነስተኛ ነጋዴዎችና አርቲስቶች ከማያውቁት ሰው መልእክት ደረሳቸው። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ልምድ ያለው የዊኪፒዲያ አዘጋጅ ነኝ ይላል። ስለ እነሱ ቀርቦ የነበረው ረቂቅ ውድቅ መደረጉን ያውቃል፤ ከከፈሉት ገጹን እንደሚያወጣላቸው ቃል ይገባል። ገንዘቡ ሲከፈል ገጹ በእርግጥም ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ገጹ እንዳይሰረዝ የየወሩ የጥበቃ ክፍያ።

የረቂቁን ነገር እንዴት አወቀ ቢባል፣ ምንም ምስጢር የለውም። በዊኪፒዲያ ላይ ማን ምን ጻፈ፣ ማን ሰረዘ፣ የማን ረቂቅ ወደቀ የሚለው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው። ግልጽነቱ ለአጭበርባሪዎቹ የደንበኛ ዝርዝር ሆነላቸው። የኋላ ኋላ ያጋለጣቸውም ይኸው ግልጽነት ነው። በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች አካውንቶቹ ትተውት ያለፉትን ዱካ እያያያዙ ለሳምንታት መረመሩና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ይፋ አደረጉ። 381 አካውንቶች ታገዱ፤ 210 ጽሑፎች ተሰረዙ። ጉዳዩም መጀመሪያ በተያዘው አካውንት ስም «ኦሬንጅሙዲ» ተብሎ ቀረ።

የተሰረዙት ጽሑፎች አብዛኞቹ ማስታወቂያ ቀመስ ነበሩ። በዚያ ላይ ምንጩ ሳይጠቀስ ከሌላ ቦታ የተወሰደና የቅጂ መብት ጥሰት የተጠረጠረበት ይዘት ተገኝቶባቸዋል። የሁለቱ ጥፋቶች አብሮ መገኘት አያስደንቅም። በገጽ ብዛት የሚከፈለው ሰው ይቸኩላል፤ ለቸኮለ ሰው ደግሞ ከደንበኛው ድረ ገጽ «ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል ገልብጦ መለጠፍን የሚያህል አቋራጭ የለም።

ችግሩ ግን በአጭበርባሪዎች አልተጀመረም። ዊኪፒዲያ በጥር 2001 ሲመሠረት ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር አብረው ነበሩ። በ2005 ማብቂያ ላይ ዌልስ ስለ ራሱ የተጻፈውን ገጽ ራሱ ሲያርም፣ የሳንገርን ተባባሪ መሥራችነት የሚጠቅሱ ቃላትን ሲያወጣ ተገኘ። ሰው በራሱ ገጽ ላይ እጁን ማስገባት እንደሌለበት ሲናገር የኖረው እሱ ራሱ ነበር፤ በኋላ በድርጊቱ ማዘኑን ገልጿል። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚሉት ከመሥራቹም ላይ ደረሰ ማለት ነው።

በነሐሴ 2007 ቨርጂል ግሪፊዝ የተባለ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ «ዊኪስካነር» የሚል መሣሪያ ሠራ። አካውንት ሳይከፍቱ የሚደረጉ እርማቶች ያኔ የኮምፒውተሩን የኢንተርኔት አድራሻ ያስቀሩ ስለነበር፣ መሣሪያው ያንን አድራሻ ከባለቤቱ ድርጅት ጋር ያገናኝ ነበር። የምርጫ ማሽን አምራቹ ዲቦልድ ከሚጠቀምበት አድራሻ ማሽኖቹን የሚተቹ አንቀጾች ተሰርዘው ተገኙ። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ እና የቫቲካን ኮምፒውተሮችም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ድርጅቶች ትምህርት ቀሰሙ፤ የተማሩት ግን እጅን መሰብሰብን ሳይሆን ሥራውን ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራትን ይመስላል።

በ2011 የብሪታንያ የምርመራ ጋዜጠኞች የኡዝቤኪስታን መንግሥትና የጥጥ ኢንዱስትሪ ወኪሎች መስለው ወደ ቤል ፖቲንገር ሄዱ። ይህ የለንደን የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት በዊኪፒዲያ ላይ ያለን መጥፎ ወሬ የሚያስተካክል ቡድን እንዳለው ኃላፊዎቹ ነገሯቸው። ታሪኩ ሲወጣ ከድርጅቱ ጋር የተያያዙ አካውንቶች ታገዱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ተራው ዊኪ ፒአር የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ሆነ፤ ከ250 በላይ አካውንቶች ተዘጉ፤ ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽንም ኩባንያው ሥራውን እንዲያቆም በጠበቃ ደብዳቤ አስጠነቀቀ።

ደንቡ የተጻፈው ከኦሬንጅሙዲ በፊት፣ በእነዚህ ጉዳዮች ማግስት ነው። ከሰኔ 2014 ጀምሮ ለሚጽፈው ክፍያ የሚቀበል ሰው አሠሪውን፣ ደንበኛውንና ግንኙነቱን በይፋ እንዲያስመዘግብ የአጠቃቀም ደንቡ ያስገድዳል። መከፈል አልተከለከለም፤ የተከለከለው መደበቅ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ መመሪያ ከዚህም ይጨምራል፦ ጥቅም ያለው ሰው ገጹን በቀጥታ ባይነካ፣ የሚፈልገውን እርማት ከነምንጩ በገጹ የውይይት ክፍል ቢያቀርብና ሌላ ሰው መዝኖ ቢያስገባው ይመረጣል። በእኔ እይታ ደንቡ ትክክል ነው፤ ሸክሙ የሚያርፈው ግን በሐቀኛው ላይ ነው። ስሙን ያስመዘገበ ባለሙያ እያንዳንዱ ቃሉ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የተደበቀው እስኪያዝ ድረስ እንደ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ ተከብሮ ይጽፋል። ቢያዝም በማግስቱ ሌላ አካውንት ይከፍታል።

ብዙ ቅን ሰዎች የሚሰናከሉት ግን የቅጂ መብቱ ላይ ነው። አንድ የድርጅት ባለቤት የራሱን ድረ ገጽ ጽሑፍ ይለጥፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰረዝበታል። «ጽሑፉ የራሴ! ከማን ሰረቅሁ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ያላስተዋለው ነገር የዊኪፒዲያ ጽሑፍ በሙሉ ክሬቲቭ ኮመንስ በሚባለው ነጻ ፈቃድ መውጣቱን ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው፣ ለንግድም ቢሆን፣ ጽሑፉን እንዲገለብጥ፣ እንዲለውጥና እንዲያሰራጭ ያስችለዋል፤ ግዴታው ምንጩን መጥቀስና ለውጦ ያሰራጨውንም በዚያው ዓይነት ፈቃድ መልቀቅ ነው። ድረ ገጹ ግርጌ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ካለ ሁለቱ አይገናኙም። አካውንቱን የከፈተው ሰው እውነት ባለቤቱ ስለመሆኑም አንባቢው ማረጋገጫ የለውም። ስለዚህ ባለቤቱ ፈቃዱን በድረ ገጹ ላይ በግልጽ ማስፈር ወይም ለበጎ ፈቃደኞቹ ቡድን በኢሜይል ማረጋገጥ አለበት። «ለዊኪፒዲያ ብቻ ፈቅጃለሁ» ማለት አይበቃም፤ «ለንግድ እንዳይውል» ማለትም ተቀባይነት የለውም። ይህን ሁሉ አሟልቶ እንኳ «ቀዳሚና ተመራጭ ድርጅት» የሚለው አረፍተ ነገሩ በማስታወቂያነቱ ይሰረዝበታል። ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ይህን ቢያውቅ ምናልባት ባልጀመረው።

ነጻ ፈቃድ ሲሰጥ ምን እንደሚከተል በ2019 ኖርዝ ፌስ አይቷል። የልብስ አምራቹና ሊዮ በርኔት የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት የብራዚል ቅርንጫፍ በቱሪስት መዳረሻዎች ገጾች ላይ የነበሩትን ፎቶዎች የኩባንያው ልብስ በሚታይባቸው ፎቶዎች ተኩ፤ ዓላማው በጉግል የምስል ፍለጋ አናት ላይ ያለ ክፍያ መውጣት ነበር። እንደ ጀብዱ ቆጥረውት በቪዲዮ አወሩት። አዘጋጆቹ አንዳንዱን ፎቶ አወጡ፤ አንዳንዱን ግን አስቀርተው የኩባንያውን አርማ ብቻ ቆርጠው ጣሉት። ፎቶው በነጻ ፈቃድ የገባ ስለሆነ መቁረጡ ሕጋዊ ነው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይፈሳል። ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ዌልቤክ በ2010 የጎንኩር የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘበት ልቦለዱ ከፈረንሳይኛው ዊኪፒዲያ ሳይጠቀስ የተወሰዱ አንቀጾች ተገኙበት። ዊኪፒዲያን የሚገለብጡ ሁሉ የሚረሱት ነጻ ማለት ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነ ነው።

የታተመ ምንጭ የሚጠይቀው ደንብ አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ቦታ እንደሚያደርስም አልክድም። በ2012 አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮት የልቦለዱ መነሻ ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው ብሎ ለማሳረም ሞከረ። በራሱ ሐሳብ አመጣጥ ላይ የእሱ ቃል ብቻውን በቂ ምንጭ እንዳልሆነ ተነገረው። ሮት በኒው ዮርከር መጽሔት ግልጽ ደብዳቤ አወጣ፤ ደብዳቤው የታተመ ምንጭ ስለሆነ እርማቱ ገባ። ለብዙዎች አስቂኝ ነበር። ለእኔ ግን ሥርዓቱ የሠራበት አጋጣሚ ነው፦ ሰውየው ቃሉን በስሙ፣ በአደባባይ እንዲሰጥ ተገደደ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። አዘጋጅ ባነሰ ቁጥር የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይታይ የሚቆይበት ዕድል ይሰፋል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ብዛት ብቻውን አያኮራም። የሕጉም ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የሥራ አመንጪውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። መረጃው የሁሉም ነው፤ አገላለጹ ግን የጸሐፊው። ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ የተነበበውን በራስ ቃል ጽፎ ምንጩን መጥቀስ ይቻላል፤ አንቀጹን እንዳለ ማዛወር አይቻልም። ስለሚወደው ድምፃዊ ገጽ ለሚጽፍም አንድ ማሳሰቢያ፦ የፎቶው መብት ብዙውን ጊዜ የፎቶ አንሺው ነው፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሰው ስለፈቀደ ብቻ አይለጠፍም።

ስለ ድርጅታችሁ ወይም ስለ ራሳችሁ የተጻፈ ስህተት ካያችሁ በውይይት ገጹ ላይ ማን እንደሆናችሁ ተናግራችሁ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ እርማት ጠይቁ። ጥያቄው በነጻ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ያገኛል። ገጽ አውጥቼ እጠብቅላችኋለሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ የአካውንቱን ስም ጠይቁትና ገጹን ክፈቱ። አሠሪዎቹንና ደንበኞቹን እዚያ ካላስመዘገበ ገንዘባችሁን አትስጡት።