ሰላምታ የማያውቅ ኮንሶል
ከላሊበላ የጌም ቤት የተገኘ የፊዚክስ ጥያቄ

ስለ ላሊበላ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ከአለት በተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሩ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚጀምረው ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ከነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነው። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነበር። በቤቲቱ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥኖች፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 2 እና አንድ በካሴት የሚሠራ የቆየ የቻይና ጌም ይገኙ ነበር። ከላስታ ደጋ ወርደው በከተማዋ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ለፕሌይስቴሽኑ የሚከፍሉት ሲያጥራቸው ወደ ካሴቱ ጌም ይዞራሉ፤ ዋጋው ግማሽ ነውና። ኳስ ጨዋታ ግን ያለ ተጋጣሚ አይደምቅም። ከሁለቱ ጆይስቲኮች አንዱ ከተበላሸ ያ ቴሌቪዥን ገቢ ማስገባቱን ያቆማል።

የቤቱ ባለቤት የሆነው ወጣት ፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን አገኘኝ። በአንድ እጁ የካሴቱን ጌም የተበላሸ ጆይስቲክ፣ በሌላው ደግሞ ትርፍ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ይዟል። «ጋሼ፣ የሁለቱም መሰኪያ ዘጠኝ ዘጠኝ ነው። ሽቦውን ቆርጬ በየቀለሙ ባገናኘውስ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው በፍጹም የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ በቀረበው አታሪ 2600 ዘመን ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ወደ «አዎን» ያዘነበለ በሆነ ነበር። የአታሪ ጆይስቲክ አምስት ማብሪያ ማጥፊያዎች ብቻ ነበሩት፦ አራቱ ለአቅጣጫ፣ አንዱ ለመተኮስ። እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ ነበረው፤ አንድ የጋራ መመለሻም ነበር። ባለ ዘጠኝ መሰኪያውም ሽቦዎቹን ይችላቸዋል። በኋላ የመጡት እንደ ኮሞዶር 64 ያሉ ኮምፒውተሮች ይህንኑ መሰኪያ ስለተቀበሉ አንዱን ጆይስቲክ ከአንዱ ላይ ነቅሎ በሌላው ላይ መሰካት ይቻል ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው ቁልፎቹ ሲበዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም (የቻይናው የካሴት ጌም የእርሱ ቅጂ ነው) ስምንት ቁልፎችን በአምስት ሽቦዎች ብቻ ማስተናገድ ችሏል። እንዴት? በጆይስቲኩ ውስጥ 4021 የተባለ አነስተኛ አይሲ ተቀምጧል። ሥራውን ለመረዳት በቦኖ ውኃ ፊት የተሰለፉ ስምንት ሰዎችን ያስቧል። ኮንሶሉ በአንዱ ሽቦ «ባላችሁበት ቁሙ» የሚል ምልክት ይልካል፤ በዚያች ቅጽበት የተጫነውና ያልተጫነው ቁልፍ ይመዘገባል። ከዚያም በሌላው ሽቦ አንድ ጊዜ በነካ ቁጥር ሰልፉ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ከፊት የደረሰው ሰው «ተጭኛለሁ» ወይም «አልተጫንኩም» ይላል። ሦስተኛው ሽቦ መልሱን ይወስዳል። የቀሩት ሁለቱ የ5 ቮልት ኃይልና መመለሻው ናቸው። ይህ ሁሉ በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልሻም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ሱፐር ፋሚኮምን ሲያወጣ ሰልፉን ወደ 16 አስረዘመው እንጂ ቋንቋውን አልለወጠም። በመሆኑም የአዲሱን ጆይስቲክ ሽቦ ከአሮጌው መሰኪያ ጋር በትክክል ያገናኘ ሰው ምንም ተጨማሪ ነገር ሳያስፈልገው ይጫወታል፤ አሮጌው ኮንሶል የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሰዎች አዳምጦ ሰልፉን ይተወዋልና።

ፕሌይስቴሽን ግን ሌላ አገር ነው። የእርሱ አነጋገር የደጋ ሰላምታን ይመስላል። በላስታ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው አይጠብቅም፤ «እንደምን ዋሉ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» በአንድነት ይተላለፋሉ፤ ጉዳዩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮንሶሉም በመሠረተ 16 አቆጣጠር መጀመሪያ 01፣ ቀጥሎም 42 ይላል። እርሱ 42 እያለ ጆይስቲኩ በዚያው ቅጽበት በሌላ ሽቦ ማንነቱን ይናገራል፦ ተራ ከሆነ 41፣ አናሎጉ በርቶ ከሆነ 73። የቁልፎቹ ወሬ የሚመጣው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። የካሴቱ ጌም ሰላምታ የማቅረብ ችሎታ ስለሌለው በቀለም በቀለም የተገናኘው ጆይስቲክ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። ያውም ዕድለኛ ከሆነ ነው፤ ጆይስቲኩ የተሠራው ለ3.5 ቮልት ገደማ ኃይል ሲሆን የሚሰጠው ግን 5 ቮልት ነው። የሽቦ ቀለም ደግሞ የፋብሪካው ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በመካከል አስተርጓሚ ማስቀመጥ ነው፤ እንደ አርዱዊኖ ያለ ሰሌዳ ከአንዱ ወገን ሰላምታውን እየተለዋወጠ ለሌላው ወገን እንደ ሰልፍ ሊቀርብ ይችላል። በዕለቱ ግን አርዱዊኖ አልነበረንም። ሁለተኛው ጭካኔ የተመላበት ነው፦ የአንዱን አንጎል ከሌላው ጣቶች ጋር መስፋት። የተበላሸው ጆይስቲክ ያለቀው ቁልፎቹ ላይ እንጂ አይሲው ጤነኛ ነበር። ስለዚህ ከሰሌዳው ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎችንና አንድ የጋራ መመለሻ አውጥተን ወደ ፕሌይስቴሽኑ ጆይስቲክ ቁልፎች ለመበየድ ወሰንን። ዋናው የሶኒ ባለ ግፊት ጆይስቲክ ቢሆን ኖሮ ባልሆነልን ነበር፤ በውስጡ ያለው ስስ የፕላስቲክ ገበታ ስለሆነ ብየዳ አይችልም። የእኛ ርካሽ ቅጂ ነበር፤ ተራ የመዳብ ሰሌዳ ነበረው። ርካሽነት አንዳንዴ ይጠቅማል።

በሥራው መካከል መብራት ጠፋ። ወጣቱ ሳይደናገጥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከሰል ላይ አግሎ ብየዳውን ጨረሰ። የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልኩበት አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ዘዴ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

መብራት ሲመጣ ጌሙን ከፈትን። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ በሜዳው ላይ ብቻውን ይሮጥ ጀመር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የፕሌይስቴሽኑን አይሲ ከቁልፎቹ ሳልለየው ትቼው ነበር። በካሴቱ ጆይስቲክ እያንዳንዱ ቁልፍ በከፍተኛ ሬዚስተር አማካኝነት ወደ 5 ቮልት የተሳበ ነው፤ ሬዚስተሩ ለምሳሌ 40,000 ኦም ቢሆን የሚያልፈው ከረንት 0.125 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ኃይል ያልተሰጠው አይሲ ግን የተዘጋ በር አይደለም። በእያንዳንዱ እግሩ ላይ ለጥበቃ የተቀመጡ ዳዮዶች ስላሉ ያ ጥቂት ከረንት በእነርሱ በኩል ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ኮንሶሉ የወረደውን ቮልቴጅ «ቁልፉ ተጭኗል» ብሎ ያነበዋል።

በምላጭ ወደ አይሲው የሚሄዱትን የመዳብ መስመሮች አንድ በአንድ ቆረጥናቸው፤ እያንዳንዱንም በቴስተር አረጋገጥን። ሯጩ ቆመ።

ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ቤቲቱ ሞልታ አገኘኋት። አንድ ልጅ ሁለቱን የአናሎግ ዘንጎች በአውራ ጣቶቹ እያዞረ «ይሄ ለምን አይሠራም?» ብሎ ባለቤቱን ጠየቀው። ወጣቱም ወደ እኔ ሳያይ «ያኛው የሚጠይቀው ስምንት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ዘንግ አልጠየቀም» አለው።