ተጨማሪ መረጃ፦ አክሊሉ ለማ እና እንዶድ

ዶክተር አክሊሉ ለማ (እ.ኤ.አ. 1935–1997) እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩትን እንዶድ የተባለውን ተክል ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና አንዲት አጣቢ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። በእንዶድ ፍሬ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን ሲገድል የመተላለፊያው መንገድ ይቋረጣል። ለዚህ ሥራ አክሊሉ ከምርምር ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የባህል መድኃኒት ዕውቀት በሌላ አገርም ለምርምር ጠቅሟል፤ በቻይና ሐኪሙ ሊ ሺዠን (እ.ኤ.አ. 1518–1593) 1,892 ዓይነት መድኃኒቶችን በአንድ መጽሐፍ መዝግበው ለትውልድ አቆይተዋል። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮም ከጥንት የሕክምና ጽሑፍ ፍንጭ አግኝተው የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል።

ተግባር፦ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ስትሄዱ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡ እናቶችን አነጋግሩ። የአንድ ተክል ስም፣ የሚበቅልበትን ቦታና ጥቅሙን መዝግቡ፤ ነገር ግን አትቅመሱ። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና፣ የእናንተ ማስታወሻ የነገ ምርምር መነሻ ሊሆን ይችላል።